‹‹ግንዛቤ›› የጎደለው ማን ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ለመስደብ ብዙ ቃል አያስፈልግም። አስፋልት ሲሻገር ለተደናበረ፣ ሊፍት በር ላይ ቆሞ ለሚያመነታ፣ ስልክ ሲያወራ ለሚጮህ፣ ሸሚዙ ከሱሪው ጋር አልሄድ ላለው ሁሉ አንድ ቃል ተዘጋጅቷል፤ ‹‹ገበሬ!›› ታክሲ ውስጥ ይባላል፣ ካፌ ውስጥ ይባላል፣ ዩኒቨርሲቲ ዶርም ውስጥማ ተዉት። የሚገርመው ተሳዳቢውም ተሰዳቢውም ምሳቸውን እንጀራ በልተው ነው የወጡት…

ስለ ጨዋነት ልንሰብክ አይደለም። ጠባችን ስድቡን ከወለደው እምነት ጋር ነው። እምነቱ ባጭሩ ይህ ነው፤ ገበሬ ማለት የማያውቅ ሰው ነው፤ ያረጀ ገበሬ ደግሞ ለብዙ ዘመን ሳያውቅ የኖረ ሰው ነው። ይህን የሚያምነው የታክሲው ጎረምሳ ብቻ ቢሆን ስቀን እናልፍ ነበር። ነገር ግን ቢሮ ያለውም ያምነዋል። ፕሮጀክት የሚጽፈውም ያምነዋል። ካሜራ የተሸከመው የሙያ ባልደረባችንም ያምነዋል።

እኛ ደግሞ እንዲህ እንላለን። በዚህ አገር ግብርና መማር የሚፈልግ ወጣት፣ ዲግሪ ይኑረውም አይኑረውም፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ የእርሻ ወቅት ከአንድ አንጋፋ ገበሬ ጋር ውሎ ማደር አለበት። አንጋፋውም ለዚህ ሥራ የመምህር ክፍያና የመምህር ክብር ሊያገኝ ይገባል። ይህ ካልሆነ የምናጣው ለኤግዚቢሽን የሚወጣ ‹‹ባህል›› አይደለም። እህል የምናበቅልበትን እውቀት ነው የምናጣው።

ማስተማር እንጂ መማር የለም

‹‹ገበሬ›› የሚለው ቃል ከመንግሥት ወረቀት ላይ ከጠፋ ቆይቷል። አሁን ‹‹አርሶ አደር›› ነው። ስሙ አምሮበታል፤ ከስሙ ሥር ያለውን ሪፖርት ግን አንብቡት። ‹‹አርሶ አደሩ ግንዛቤ ይጎድለዋል››፣ ‹‹የአመለካከት ችግር ይስተዋላል››፣ ‹‹ግንዛቤ የማስጨበጥ ሥራ ተሠርቷል››… ግንዛቤ ልክ እንደ ስኳር ኮታ ከወረዳ ተጭኖ ለቀበሌ የሚከፋፈል ነገር ይመስላል። ‹‹ከአርሶ አደሩ ግንዛቤ ጨብጠን ተመልሰናል›› የሚል ሪፖርት ግን እስከ ዛሬ አላየንም። እናንተ ካያችሁ ላኩልን።

ነገሩ ትናንት የጀመረ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. ደርግ የእድገት በኅብረት ዘመቻን ሲያውጅ ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ተላኩ። ፊደል አስቆጠሩ፣ የመሬት አዋጁን አስረዱ፣ ማኅበር አደራጁ። ብዙዎቹ ከልባቸው ሠርተዋል፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን የዘመቻውን ስም ሙሉውን አስታውሱ፤ ‹‹የእውቀትና የሥራ ዘመቻ›› ነበር። እውቀቱ ከከተማ ወደ ገጠር እንጂ ከገጠር ወደ ከተማ ይሄዳል ብሎ ያሰበ አዋጅ አልነበረም።

መንግሥት ተለወጠ፤ አቅጣጫው ግን ያው ሆነ። ከ1990ዎቹ ዓመታት ጀምሮ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች በግብርና ኮሌጆች ሰልጥነው በየቀበሌው ተመደቡ። ለሰብል አንድ፣ ለእንስሳት አንድ፣ ለተፈጥሮ ሀብት አንድ። በየቀበሌው ‹‹የአርሶ አደር ማሰልጠኛ ማዕከል›› ተሠራ። ስሙን ልብ በሉት፤ ገበሬው የሚሰለጥንበት እንጂ ገበሬው የሚያሰለጥንበት ማዕከል አይደለም።

የልማት ጣቢያ ሠራተኛውን ልንወቅስ አንፈልግም። የእኛው እኩያ ነው። ደመወዙ እንደኛው ከወር ወር አይደርስም። የላኩት ጥቅሉን አስይዘው ነው፣ የሚገመግሙት በቁጥር ነው። በየጊዜው የማዳበሪያ ዕዳ አስመላሽም ሆኖ አገልግሏል። ይህ ልጅ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ቁጭ ብሎ ‹‹ለምን እንዲህ ያደርጋሉ?›› ብሎ ቢጠይቅ ጊዜውን እንዳባከነ ነው የሚቆጠርበት። ጥያቄያችን እሱን ለላከው ክፍል ነው።

‹‹በመስመር ዝሩ!››

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ከ2003 ዓ.ም. በኋላ ባሉት ዓመታት ጤፍን በመስመር መዝራት ትልቅ ዘመቻ ነበር። ሐሳቡ መሠረት የሌለው አልነበረም። ጤፍ ተራርቆ ሲዘራ ብዙ ቡቃያ ያወጣል፣ አገዳው ይጠነክራል፣ ቶሎ አይጋሽብም። በምርምር ጣቢያ ማሳ ላይ ጥሩ ውጤት ታይቷል። ጥሩ።

ጤፍ ግን ጤፍ ናት። ከስፒል ራስ ያነሰች ዘር። የሐምሌ ጭቃ ውስጥ ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ መስመር እያወጡ፣ በጣት እየቆነጠሩ መዝራት ለአንድ ቤተሰብ ስንት የሰው ቀን እንደሚፈጅ አስቡት። ዝናቡ ደግሞ አይጠብቅም፤ የዘር ጊዜዋ ጥቂት ቀን ናት። ብዙ ገበሬ ለጎረቤት ማሳያ የምትሆን ቁራጭ በመስመር ዘርቶ ቀሪውን እንደ ልማዱ በተነ። ይህ ሪፖርት ላይ ምን ተብሎ ተጻፈ መሰላችሁ? ‹‹የግንዛቤ ችግር››!

ችግሩ የሒሳብ ነበር። ሒሳቡን የሠሩት ደግሞ ገበሬዎቹ ናቸው። ከዘመቻው በፊት አንድ አዛውንት ቢጠየቁ ኖሮ ‹‹ልጆቼ፣ ጉልበቱን ማን ይከፍላል?›› ብለው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጨርሱት ነበር። ምናልባትም መሣሪያው መጀመሪያ ተሠርቶ ዘመቻው ቀጥሎ ይመጣ ነበር።

ማዳበሪያም እንዲሁ። ለዓመታት ለገበሬው የተነገረው ልክ አንድ ነበር፤ በሄክታር 100 ኪሎ ዳፕ፣ 100 ኪሎ ዩሪያ። ደጋውም፣ ወይና ደጋውም፣ ጥቁሩም አፈር፣ ቀዩም አፈር! ኋላ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ የአገሪቱ የአፈር ለምነት ካርታ ሲሠራ አፈሩ ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ በላቦራቶሪ ተረጋገጠ። አንድ ሽማግሌ ግን የራሱን ማሳ ብቻ አራት ቦታ ከፍሎ በስም ይጠራዋል። ዋልካ፣ ቦረቦር፣ ቀዩ፣ ከቤት ጓሮ ያለው። ለእያንዳንዱም የሚዘራው የተለየ ነው።

ፍትሐዊ እንሁን፤ ካርታው ሽማግሌው የማያየውን አሳይቷል። ድኝ፣ ዚንክና ቦሮን ማነሱ በዓይን አይታይም። እኛም ‹‹ሳይንሱን ጣሉት›› የሚል ሞኝነት ውስጥ የለንበትም። የምንለው ሁለቱ ገና ከመጀመሪያው ቢነጋገሩ ኖሮ ስንት ዓመትና ስንት ብር ይተርፍ እንደነበር ነው።

‹‹ለምን አረስክ ያለኝ የለም››

ባለፈው ክረምት ከመካከላችን ሦስታችን ምንጃር አንድ አዛውንት ገበሬ ቤት ጥቂት ቀን ሰነበትን። የጤፍ ዘር ሊጀመር ሲል ነበር። አባባ ማለዳ ማሳው መሐል ገብተው ጭቃውን በእግራቸው ጫን፣ ጫን አደረጉት። ‹‹ዛሬ አይዘራም›› አሉ። ከጎናቸው ያለው ማሳ እየተዘራ ነው። እኛ ልዩነቱ አልታየንም።

ከሰዓት በኋላ ከብቶቹን አስነድተው ማሳው ላይ ወዲያ ወዲህ አመላለሱ። የታረሰን፣ የለሰለሰን መሬት መልሶ በከብት ማስረገጥ ምን ይሉታል? አስረዱን። የጤፍ ዘር ደቃቅ ነው፤ አፈሩ ከላላ ወደ ውስጥ ይውጠዋል፣ የወረደው አይወጣም። ላዩም ቶሎ ይደርቃል። ሲረገጥ ገጹ ይጠብቃል፣ እርጥበቱ ላዩ ላይ ይቆያል፣ ዘሩም እኩል ይበቅላል፤ አረሙም ይቀንሳል። ይህንን የግብርና መጻሕፍትም ያረጋግጡታል። ግን የቱ ማሳ ምን ያህል መረገጥ እንዳለበት፣ የዘንድሮ ጭቃ መቼ ‹‹እንደደረሰ›› የሚነግር መጽሐፍ የለም። እሱ በእግር መዳፍ ውስጥ ነው ያለው። ከእግር መዳፍ ወደ እግር መዳፍ ለማሻገር ደግሞ አብሮ ማሳ መግባት እንጂ ፓወር ፖይንት አይጠቅምም።

ማታ እሳት ዳር ተቀምጠን እሳቸው ያሉትን አንድ ነገር እስካሁን አልረሳነውም። ‹‹የሚመጡት ሁሉ ስንት ጊዜ አረስክ ይሉኛል፤ ለምን አረስክ ያለኝ የለም።››

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ዳኝነቱን ላንተ ትተናል። ስንት ጊዜ የሚለው ለሪፖርት ነው። ለምን የሚለው ለመማር ነው።

ይህ የአንድ መንደር ወሬ አይደለም

‹‹አንድ ሽማግሌ አግኝታችሁ አገር አጠቃለላችሁ›› የሚለን አይጠፋም። እሺ፣ ወደ ሌላ ቦታ እንሂድ።

ኮንሶዎች ድንጋያማ ተራራቸውን በእርከን አጥረው ከ400 ዓመት በላይ፣ በ21 ትውልድ ቅብብል አርሰውታል። ከፍታቸው እስከ 5 ሜትር የሚደርስ የድንጋይ ግንቦች አሉ። ዩኔስኮ በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ይህንን ነው። በ2016 ዓ.ም. መስከረም ደግሞ የጌዴኦ መልክዐ ምድር ተመዘገበ። ከላይ ትልልቅ ዛፍ፣ ከሥሩ እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና። ሁለቱንም ያነጸ ኮሌጅ የለም። አባት ለልጅ፣ አያት ለልጅ ልጅ እያሳየ ነው።

እንሰትን ካነሳን ደግሞ ‹‹ሽማግሌ›› የሚለውን ቃላችንን እናስተካክል። ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የሚመገበውን ይህን ተክል ፍቆ፣ ጉድጓድ ውስጥ ቀብሮ፣ አብላልቶ ቆጮና ቡላ የማድረጉ እውቀት በሴቶች እጅ ነው። የትኛው ዝርያ ለቡላ ይሻላል፣ መቼ ይገለበጣል፣ ሽታው ምን ሲሆን ደርሷል… ይህንን የሚያውቁት እማማ ናቸው። በሰሜኑም ቢሆን ለዘር የሚሆነውን እህል ለቅሞ፣ ነቀዝ እንዳይበላው ተጠንቅቆ የሚያከርመው በአብዛኛው ማነው? ሠልጣኝ ሲመዘገብ ግን ‹‹አባወራ›› ተብሎ ነው። ለትምህርት የማትጠራ ሴት ለማስተማርማ ማን ይጠራታል?

የውጭው ዓለም ይህንን እውቀት ከእኛ ቀድሞ ነው ዋጋ የሰጠው። የሩሲያው ሳይንቲስት ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም. በቅሎ ጭኖ አገራችንን እየዞረ የስንዴና የገብስ ዘር ሰብስቧል። የካሊፎርኒያን ገብስ ከሚያቀጭጭ የቫይረስ በሽታ የታደገው የመቋቋም ባሕርይ የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። ያንን ገብስ እየመረጠ፣ እያዳቀለ ሳይሆን እየለየ፣ ለሺህ ዓመት ያቆየው ማነው? ታክሲ ውስጥ የምንሰድበው ሰውዬ ነዋ!

ከእኛም ወገን የገባቸው ነበሩ። ዶክተር መላኩ ወረደ የአገሪቱን የዘር ባንክ ሲመሩ በ1970ዎቹ ድርቅ ገበሬው ዘሩን በልቶ እንዳይጨርስ የአገር ዘርን ሰብስበው አስቀመጡ። ከዚያም ዘሩ ፍሪጅ ውስጥ ብቻ እንዳይቀር ከገበሬዎች ጋር በማሳቸው ላይ ሠሩ። ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1989 ‹‹አማራጭ ኖቤል›› የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀብለዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ አንድ ጥናት ደግሞ 60 ገበሬዎችን፣ ወንዶችም ሴቶችም፣ 400 ዓይነት ስንዴ ፊት አቁሞ ነጥብ አሰጥቷቸዋል። ተመራማሪዎቹ የገበሬዎቹን ነጥብ ከራሳቸው መለኪያ ጋር አዋህደው ለየአካባቢው የሚሻለውን ስንዴ ለመምረጥ ተጠቀሙበት። ሲፈለግ ይቻላል ማለት ነው።

‹‹ይህን ያህል ካወቁ ለምን ይራባሉ?››

ይህ ጥያቄ ሁሌም ይመጣል፤ ብዙ ጊዜም የሚመጣው ከጎናችን ከተቀመጠ ጓደኛ ነው። መልሳችን ግልጽ ነው። መድኃኒት በሌለበት ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ የሞተበትን ሐኪም ‹‹ሕክምና አያውቅም›› አንለውም። ብዙ ቤተሰብ የሚያርሰው ከአንድ ሄክታር በታች ነው። ዝናብ ሲቀር ማሳው በውኃ አይረዳም። ዋጋ የሚወስነው ነጋዴው ነው። እውቀት እነዚህን አይተካም። ግን እውቀቱ ባይኖር ኖሮ በዚያች ቁራጭ መሬት ላይ ያን ያህል ዘመን መኖር ራሱ አይታሰብም ነበር።

ሽማግሌ ሁሉ ልክ ነው አንልም። ገደል የሚያርስ አለ፤ ኩበቱን አንድዶ መሬቱን የሚያስርብ አለ፤ እንጨት ስለሌለው ቢሆንም ጉዳቱ ያው ነው። አዲስ በሽታ ሲመጣ የአያት ምክር ብቻውን አያድንም። እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ በአርሲና በባሌ ዲጋሉ የተባለውን ስንዴ የግንድ ዋግ ሲያጠፋው መፍትሔው የተመራማሪ ሥራ ነበር። ነገር ግን ማሳን ሁሉ በአንድ ዓይነት ዘር አለመሸፈን የሚለው የቀድሞ ልማድም ያኔ ትርጉሙ ገባን። በትግራይና በኤርትራ ስንዴንና ገብስን ቀላቅለው ‹‹ሃንፈጽ›› ብለው ይዘራሉ፤ ዝናቡ ካጠረ ገብሱ ይደርሳል፣ ከበቃ ስንዴውም ይሰጣል። ይህ ኢንሹራንስ ነው፤ ወረቀት የለውም እንጂ።

መምህሩ በትምህርቱ ሲያፍር

አሁን የሚያሳስበንን እንናገር። የምንጃሩ አባባ የልጅ ልጅ አላቸው። አዳማ ባጃጅ ይነዳል። ‹‹ሞፈሩን ማን ይረከባል?›› ብለን ጠየቅናቸው። ‹‹እኔው ነኝ ሂድ ያልኩት›› አሉ። ‹‹እንደኔ ደንቁሮ እንዳይቀር።››

ደንቁሮ! ቀኑን ሙሉ ሲያስተምሩን የዋሉ ሰው!

ይህንን ቃል ማን አስተማራቸው? እኛ ነን። ታክሲው፣ ቢሮው፣ ቴሌቪዥኑ። ለ50 ዓመት ‹‹አታውቅም›› ሲባል የኖረ ሰው በመጨረሻ ያምናል። ካመነ ደግሞ ለልጁ አያስተምርም። ልጁም በመሬት ጥበት ላይ ይህ ሲጨመርበት ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ አረብ አገር ያያል። ማን ይፈርድበታል? መሬት የሌለውን ወጣት ‹‹እርሻ ተማር›› ማለትም ቀልድ እንደሆነ እናውቃለን፤ የመሬቱ ጥያቄ ራሱን የቻለ ጠብ ነው፣ እንመለስበታለን። የሽማግሌዎቹ ዕድሜ ግን የመሬት ፖሊሲ እስኪስተካከል አይጠብቅም። ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይላል አገሩ። የነበረው ሳይናገር እየተቀበረ ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ የከተማ ልጅ ወደ ግብርና እየሮጠ ነው። ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ‹‹በዶሮ እርባታ በስድስት ወር ሚሊየነር ይሁኑ›› የሚል ስልጠና ከፍሎ ገብቶ፣ ሰርተፍኬት ይዞ፣ ፎቶ ተነስቶ ይወጣል። አሰልጣኙ ጫማው ጭቃ ነክቶት አያውቅም። ሁለት ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ ሰፈሩን ሁሉ በእንቁላል የሚመግቡ እናት አሉ፤ እሳቸውን የሚጠይቅ የለም። ማይክሮፎን የላቸውማ!

የእኛም ሙያ ከዚህ አያመልጥም። ገበሬ በዜና ላይ የሚታየው ለአሥር ሰኮንድ ነው። ማሳው መሐል አቁመን ‹‹ምርታችን ጨምሯል፣ ለተደረገልን ድጋፍ እናመሰግናለን›› እናስብለዋለን። እንዴት ጨመረ? የትኛውን ዘር መረጠ? ምን ሞክሮ ምን ተወ? ከዚያ በኋላ ባለሙያ ተብሎ የሚናገረው ቢሮ ያለው ነው።

ምን ይደረግ?

ማልቀስ ብቻ አንወድም። የምንጠይቀው ይህንን ነው።

አንድ፤ ማንኛውም የግብርና ተማሪ ከመመረቁ በፊት ከመጀመሪያው እርሻ እስከ ውቂያ፣ ማለትም ከግንቦት እስከ ጥር፣ በአንድ ገበሬ ቤት ሥራ ላይ ይዋል። የሁለት ሳምንት ጉብኝት ይቅር። የውጤቱን ከፊል የሚሰጡትም እሳቸው ይሁኑ። አንድ ሽማግሌ ‹‹ይህ ልጅ ገና ነው›› ካሉ፣ ገና ነው።

ሁለት፤ በየማሰልጠኛ ማዕከሉ ቢያንስ ሁለት አንጋፋ ገበሬዎች፣ አንዷ ሴት፣ በክፍያ አሰልጣኝ ይሁኑ። ለስብሰባ አበል ብር ከተገኘ ለዚህ አይጠፋም።

ሦስት፤ ሪፖርቱ ላይ ‹‹ለአርሶ አደሩ የሰጠነው ግንዛቤ›› ከሚለው ጎን ‹‹ከአርሶ አደሩ ያገኘነው እውቀት›› የሚል አንድ ዓምድ ይጨመር። ባዶ ሆኖ ከመጣ ሠራተኛው ሳይሆን ቢሮው ይጠየቅ።

አራት፤ ጋዜጠኞች ‹‹ስንት ኩንታል?›› ብለን ከጠየቅን በኋላ ‹‹ለምን?›› ብለን እንጠይቅ። መልሱንም አንቆርጠው።

አምስተኛው ለእናንተ ነው፣ ይህንን በስልክ ለምታነቡት። አብዛኞቻችን ሁለት ትውልድ ወደ ኋላ ብንሄድ ገጠር አያት አለን። ለበዓል ስትሄዱ ዶሮውን በልታችሁ ፎቶ ተነስታችሁ ብቻ አትመለሱ። አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ ለምን እዚህ ጋ ባቄላ፣ እዚያ ጋ ስንዴ? ከዚያ ዝም ብላችሁ አዳምጡ። መልሱ ረጅም ነው፤ ጊዜ ይዛችሁ ሂዱ።

እስከዚያው ድረስ ታክሲ ውስጥ ‹‹ገበሬ!›› ሲባል ከሰማችሁ፣ ለተሰዳቢው ‹‹ምን ምን ማብቀል ትችላለህ?›› በሉት። ለተሳዳቢውም ጠይቁት። ማን ግንዛቤ እንደሚጎድለው ያኔ ይለያል።